የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለደባል ቤተሰብ ልጅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማን ይከፍላል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከአሜሪካ የተጻፉ ናቸው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፦ ቤት ያጡ ቤተሰቦች ልጆች በምን መጓጓዣ ይማራሉ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርታቸውስ ሳይቋረጥ እንዴት ይቀጥላል? መልሳችን በሁለት የፌዴራል ሕጎች ላይ ይቆማል። አንደኛው በ1987 የወጣውና በ2015 መጨረሻ የተሻሻለው፣ ቤት አልባ ልጆች ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ መብት የሚሰጠው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ ነው። ሁለተኛው በ1975 ተጀምሮ በ2004 የተሻሻለው፣ «አይዲያ» እየተባለ የሚጠራው የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የትምህርት ሕግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነበርን። ኪራይ ሲጨምሩብን መክፈል አቅቶን ለቀቅን። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በባለቤቴ እኅት ቤዝመንት ውስጥ አራት ሆነን እናድራለን። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤቷን ትወደዋለች። መዝጋቢዋ ግን «አድራሻ ስላላችሁ ቤት አልባ አይደላችሁም፤ ሜሪላንድ አስመዝግቧት» አለችኝ። እውነት ነው?
— እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይደለም፣ እኅታችን። መዝጋቢዋ ያየችው አድራሻ መኖር አለመኖሩን ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ልጅቷ የምታድርበት ቦታ ቋሚ፣ መደበኛና በቂ መሆኑን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ልጅቷ በማኪኒ ቬንቶ ትሸፈናለች። ቤታቸውን አጥተው፣ ወይም በገንዘብ ችግርና በመሳሰለው ምክንያት፣ በሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ልጆች በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጠቅሰዋል። እኛ ይህን ኑሮ «ደባል» ብለን እናውቀዋለን። በመላ አሜሪካ በትምህርት ቤቶች ቤት አልባ ተብለው ከሚመዘገቡት ተማሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ እንዲህ ደባል ሆነው የሚኖሩ ናቸው። በሼልተር (በቤት አልባዎች መጠለያ)፣ ሌላ አማራጭ አጥተው በሞቴል፣ በመኪና ውስጥ ወይም በካምፕ ቦታ የሚያድሩም በዚሁ ሕግ ይሸፈናሉ።

ውሳኔው የመዝጋቢዋ አይደለም። እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት፣ ማለትም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ለዚህ ጉዳይ የሚሾመው ሊዬዞን የሚባል ሠራተኛ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ወደ ዲስትሪክቱ ዋና ቢሮ ደውላችሁ «የማኪኒ ቬንቶ ሊዬዞን» ብትሉ ያገናኟችኋል። ሊዬዞኑ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፦ ከቀድሞው ቤት ለምን ወጣችሁ? አሁን ባላችሁበት ቤት ውል ላይ ስማችሁ አለ? ባለቤቷ ነገ ውጡ ብትላችሁ መሄጃ አላችሁ? ልጆቹ የሚተኙት የት ነው? ስንት ሰው በስንት ክፍል?

እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ሰው ተሰናክሎ ሲወድቅ እናያለን። ገመናን ላለማውጣት፣ የአስጠጋንን ዘመድም ላለማሳጣት «ከቤተሰብ ጋር ነን፣ ተመስገን፣ ደህና ነን» ብለን እንመልሳለን። ያ መልስ በፈቃዳቸው አብረው የሚኖሩ ሰዎች መልስ ሆኖ ይመዘገብና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። የሆነውን በሆነው ልክ ተናገሩ፦ «ቤታችንን መክፈል አቅቶን ለቀቅን፣ ሌላ ለመከራየት አቅም የለንም፣ ቤት እስክናገኝ ቤዝመንት ውስጥ እናድራለን።» አያት ለመጦር ወይም ገንዘብ ለማጠራቀም በምርጫቸው አንድ ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። በዲቪ መጥተው ዘመድ ቤት ያረፉ ሰዎችም ይጠይቁናል። የእነርሱ ጉዳይ እንደየሁኔታው ይታያል። የራሳቸውን ቤት ለመያዝ አቅም አጥተው ተጠግተው ያሉ ከሆነ ሊሸፈኑ ስለሚችሉ ለሊዬዞኑ ያመልክቱ። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ሁኔታቸው መናገር አይጠበቅባቸውም። ልጅን በዚህ ምክንያት ከሕዝብ ትምህርት ቤት መከልከል እንደማይቻል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል።

አንድ የምናውቀው ስጋት አለ፦ «የቤቱ አከራይ ይህን ያህል ሰው መኖሩን ቢሰማ እኅቴን ያስወጣታል።» የልጁ የመኖሪያ ሁኔታ በሕግ እንደ ማንኛውም የተማሪ ማኅደር በምስጢር የሚያዝ ነው። ትምህርት ቤቱ ለማጣራት ብሎ ለአከራዩ መደወል የለበትም።

ልጅሽ ቤት ከመጥፋቱ በፊት ትማርበት የነበረውን ነባሩን ትምህርት ቤት እንደያዘች መቀጠል ትችላለች። ለልጁ የሚበጀው ነባሩ ትምህርት ቤት ነው ብሎ የሚነሣው ሕጉ ራሱ ነው። ወላጅ ሌላ ካልጠየቀ በቀር፣ አይበጅም የሚለው ዲስትሪክት ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። የጉዞው ርዝመት በልጅቷ ጤና፣ ደኅንነትና ትምህርት ላይ የሚያመጣው ጫና ይታያል። ይሁንና የፌዴራል ሕጉ «ከዚህ ማይል በላይ አይቻልም» የሚል ገደብ አላስቀመጠም። ሲልቨር ስፕሪንግ ማስመዝገብን ከመረጥሽ ደግሞ የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ ውጤትና የአድራሻ ማስረጃ ባይኖርሽም ወዲያው መመዝገብ አለባት። ወረቀቱን እየተማረች ያሟሉታል።

ጥያቄ፦ ሊዬዞኑ ቤት አልባ መሆናችንን ተቀብሎልናል። አውቶቡስ ስንጠይቅ ግን አንዱ ዲስትሪክት «ከክልላችን ውጭ ነው የምትኖሩት»፣ ሌላው «የእኛ ተማሪ አይደለም»፣ ሁለቱም «በጀት የለንም» ይላሉ። ወጪው የማን ነው? እስከዚያስ ምን እናድርግ?
— አባት፣ ከታኮማ ፓርክ

መልስ፦ የሁለቱም ነው። ልጁ የሚያድርበትና የሚማርበት ዲስትሪክት አንድ ከሆኑ ያ ዲስትሪክት ብቻውን ያጓጉዛል። የተለያዩ ከሆኑ ወጪውንና ኃላፊነቱን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ይስማማሉ። ካልተስማሙም ሕጉ ራሱ ፈርዶታል፦ እኩል ይካፈላሉ። የግዛት ወሰን ቢሻገርም ይኸው ነው። ክርክሩ የሁለት ቢሮዎች ክርክር እንጂ የእናንተ አይደለም፤ እስኪቋጭ ድረስ ልጁ ቤት መዋል የለበትም።

ጥያቄው ግን ከእናንተ መምጣት አለበት። ሕጉ መጓጓዣ የሚሰጠው «ወላጅ ሲጠይቅ» ነው ስለሚል ዝም ያለ ቤተሰብ አውቶቡስ ላያገኝ ይችላል። በስልክ የጠየቃችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ድገሙት። ኢሜይሉ ላይ የልጁን ስምና ክፍል፣ ነባሩን ትምህርት ቤት፣ አሁን የምታድሩበትን ሙሉ አድራሻ ከአፓርታማ ቁጥርና ከመግቢያው ኮድ ጋር፣ የትምህርት ቤቱን መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ሁለት የሚሠሩ ስልክ ቁጥሮች፣ ከአውቶቡስ የሚቀበለውን አዋቂ ስምና መጓጓዣው እንዲጀምር የምትፈልጉበትን ቀን ጻፉ። መጨረሻ ላይ «በማኪኒ ቬንቶ ሕግ ወደ ነባሩ ትምህርት ቤት መጓጓዣ እጠይቃለሁ» የምትለውን አንድ ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ጠረጴዛ የምትወስደው እሷ ናት።

አውቶቡሱ ስኩል ባስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ዲስትሪክቶች ቫን ወይም ታክሲ ይከራያሉ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ካርድ ይሰጣሉ፣ መኪና ላለው ወላጅ በማይል ይከፍላሉ። መስመር እስኪዘጋጅ ቀናት ሊያልፉ ስለሚችሉ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ የመሸጋገሪያ መጓጓዣም ጠይቁ። በማይል የሚከፈላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ማጣራት ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፦ ስንት ጉዞ ይቆጠራል? ትምህርት ቤቱ 11 ማይል ቢርቅ፣ ጠዋት አድርሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከሰዓት ሄዳችሁ ታመጣላችሁ። ይህ አራት ጉዞ፣ በቀን 44 ማይል፣ በ20 የትምህርት ቀን 880 ማይል ነው። ልጁ መኪናው ውስጥ ያለበት ጉዞ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ 440 ይሆናል። ልዩነቱ የወር ቤንዚን ነው። ቀኑንና የማይል ቆጣሪውን ቁጥር በየቀኑ ጻፉ፤ ቅጹን በየወሩ ሳታዘገዩ አስገቡ። መኪና የለኝም፣ ሥራዬ አይፈቅድልኝም ካላችሁ ግን እንድትነዱ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም፤ ዲስትሪክቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አሁን ወደ በጀቱ። ቢሮዎቹ ገንዘብ ያጥራቸዋል፤ ይህን አንክድም። ለማኪኒ ቬንቶ የትምህርት ፕሮግራም ኮንግረስ በ2023 በጀት ዓመት የመደበው 129 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቤት አልባ ተብለው የሚመዘገቡት ተማሪዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስለሆኑ በነፍስ ወከፍ ለዓመት ከ129 ዶላር በታች ይደርሳል። ለአንድ ልጅ የተከራዩት ቫን ይህን በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ገንዘቡም ለዲስትሪክቶች የሚከፋፈለው በውድድር በመሆኑ ብዙዎቹ ጭራሽ አያገኙም። በ2021 በኮቪድ ድጎማ ለእነዚሁ ተማሪዎች የተሰጠው 800 ሚሊዮን ዶላርም ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ በመስከረም 2024 አልቋል። ከዚያ ወዲህ «ድሮ እንሰጥ ነበር፣ አሁን ቆሟል» የሚል መልስ የሚሰማው ለዚህ ነው።

የሕጉ ግዴታ ግን በዚያ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ድጎማውን ያላገኘ ዲስትሪክትም ማጓጓዝ አለበት። ሊጠቀምበት የሚችል ሌላ ምንጭም አለው፦ ታይትል አንድ የሚባለውን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዲስትሪክት ሁሉ ከዚያ ላይ ለቤት አልባ ተማሪዎች የተወሰነ መጠን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል፤ ያንን ወደ ነባሩ ትምህርት ቤት ለማጓጓዝ ማዋል ይፈቀድለታል። «በጀት የለንም» ሲሏችሁ በትሕትና እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ከታይትል አንድ ለቤት አልባ ተማሪዎች የተለየው ገንዘብ ለዚህ መዋል ይችል እንደሆነ እባክዎ በጽሑፍ ይንገሩኝ።» የቀረው ከግዛቱና ከአካባቢው በጀት ይወጣል፤ አሠራሩም በየግዛቱ ይለያል። ለምሳሌ ሚኔሶታ ቤት አልባ ተማሪዎችን የማጓጓዝ ወጪ የምትደጉመው በልዩ ፍላጎት ትምህርት የድጎማ ቀመሯ በኩል ነው። ሕጉ በስማቸው ከተጠራላቸው ሁለት የምክር ቤት አባላት አንዱ፣ ብሩስ ቬንቶ፣ የዚያችው ግዛት የሴንት ፖል ተወካይ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ዴንቨር በነበርንበት ጊዜ አይኢፒው (ለእሱ የተዘጋጀው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ላይ ረዳት ያለው ትንሽ አውቶቡስ ተጽፎለት ነበር። አሁን አውሮራ ሼልተር ገብተናል። ዴንቨር «አይኢፒውን አዲሱ ዲስትሪክት ይያዘው»፣ አውሮራ «እዚህ ካልተመዘገበ አናውቀውም» ይላሉ። ልጄ ሁለት ሳምንት ቤት ዋለ።
— አባት፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልጅህ ሁለት የተለያዩ መብቶችን ይዟል። ቢሮዎቹ አንድ አድርገው ስላዩአቸው ነው በመካከል የወደቀው። በማኪኒ ቬንቶ በኩል ቤት ስላጣ ወደ ነባሩ ትምህርት ቤት ይጓጓዛል። በአይዲያ በኩል ደግሞ ጉዳቱ ስለሚጠይቀው መጓጓዣ እንደ ንግግር ቴራፒ ሁሉ «ተጓዳኝ አገልግሎት» ሆኖ አይኢፒው ላይ ተጽፎለታል። የመጀመሪያው የት እንደሚሄድ ይወስናል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሄድ። ዴንቨር መቀጠል ከፈለጋችሁ የሚመጣው ቫን ረዳት ያለበት መሆን አለበት። «የማኪኒ ቬንቶ ታክሲ ስለሆነ ረዳት የለውም» ቢሉህ አትቀበል፤ የአይኢፒው ግዴታ ከልጁ ጋር ይሄዳል።

ሁለቱን ለይቶ መያዝ ለነገም ይጠቅማል። በማኪኒ ቬንቶ የሚመጣው መጓጓዣ ቤት በተገኘበት የትምህርት ዓመት መጨረሻ ያበቃል። አይኢፒው ላይ ያለው ግን ቤት ቢኖርም ባይኖርም፣ ጉዳቱ እስከጠየቀው ድረስ ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜ «መጓጓዣው በማኪኒ ቬንቶ ስለተሸፈነ ከአይኢፒው እናውጣው» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ይቀርባል። አትፈርም። ቤት ያገኘህበት የትምህርት ዓመት ሲያልቅ ልጅህ ያለ ረዳት አውቶቡስ ይቀራል፤ መልሶ ማስጻፉም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

የልዩ ፍላጎት ትምህርቱ ኃላፊ ማን ነው ለሚለው፣ ልጁ በአንዱ ዲስትሪክት እያደረ በሌላው ሲማር ኃላፊውን የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው። ጥያቄውን በግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ላለው የቤት አልባ ተማሪዎች ትምህርት አስተባባሪና ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሉ በአንድ ኢሜይል ላክ፤ ሁለቱንም ዲስትሪክቶች ግልባጭ አድርጋቸው። ሁሉም በአንድ ክር ላይ ሲሆኑ «ያኛው ነው» ማለት ይከብዳል። አውሮራ ማስመዝገብን ከመረጥክ ደግሞ አዲሱ ዲስትሪክት ምዘና እስኪጨርስ አያስጠብቅም። የቀድሞውን አይኢፒ ተቀብሎ ወይም አዲስ አዘጋጅቶ እስኪወስን ድረስ፣ ከቀድሞው ጋር የሚመጣጠን አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀን መስጠት ግዴታው ነው፤ መጓጓዣውንም ጨምሮ። የአይኢፒውን ቅጂ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ያዝ፤ ማኅደር በቢሮ በኩል ሲላክ የሚባክነውን ቀን ያድንልሃል።

የአይኢፒው የመጓጓዣ ገጽ ላይ ምን ተጽፏል? እዚህ ላይ ልባችሁን ጣሉበት፤ ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ገጽ ነው። «መጓጓዣ፦ አዎ» ብቻ የሚል ገጽ ለሹፌሩ ምንም አይነግረውም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ልጁን የሚወስዱት ከበር ነው ወይስ ከመንገድ ጥግ? ረዳቱ የልጁ ብቻ ነው ወይስ የአውቶቡሱ ሁሉ? ሃርነስ (ከወንበር ጋር የሚያስር መታጠቂያ)፣ የመኪና ወንበር ወይም የዊልቸር ማንሻ ያስፈልገዋል? በጉዞ ላይ ቢታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ቢነሣበት ምን ይደረጋል፣ መድኃኒቱን ማን ይይዛል? ከስንት ደቂቃ በላይ መቀመጥ አይችልም? ያለ አዋቂ ተቀባይ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ድምፅ የሚረብሸው ልጅ ከሆነ የጆሮ መከላከያውና የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ ይጻፍ።

አድራሻ ግን እዚያ ገጽ ላይ አይጻፍ ባይ ነን። በምትኩ «ተማሪው ካደረበት ቦታ በር» ይባል። ሼልተር የሚቀያይር ቤተሰብ አድራሻው በተለወጠ ቁጥር «አይኢፒው መስተካከል አለበት» እየተባለ ሳምንት ሲባክንበት አይተናል። ማስተካከያ የግድ ካስፈለገም ስብሰባ መጠበቅ አያሻም፤ ወላጅና ዲስትሪክት በጽሑፍ ከተስማሙ ያለ ስብሰባ ይሻሻላል።

ሼልተር ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በር የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ለመጓጓዣ ክፍሉ አሳውቁ። ቀን ቀን ነዋሪ የማያስገባ ሼልተር ካለ አውቶቡሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ልጁን ይዞ ሲደርስ የሚቀበለው አይኖርም፤ ሹፌሩም ወደ ትምህርት ቤት ይመልሰዋል። ቦታ ስትቀይሩም በዚያው ቀን ደውሉ። ልጅ ለተከታታይ ቀናት ሳይወጣ ሲቀር መስመሩን የሚሰርዙ ዲስትሪክቶች አሉ፤ እንደገና ለማስጀመር ደግሞ ተራ ትጠብቃላችሁ።

ስለ ገንዘቡ፣ አይኢፒ ላይ የተጻፈ መጓጓዣ ለወላጅ በነጻ ነው፤ ዲስትሪክቱ ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ገንዘቡ ይሸፍነዋል። በ1975 ኮንግረስ ሕጉን ሲያወጣ ፌዴራል መንግሥት የአንድን ተማሪ አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደሚደጉም ተስፋ ሰጥቶ ነበር። እስከ ዛሬ ያን አልሞላም፤ አሁን የሚሰጠው ግማሹን እንኳ አይደርስም። ጉድለቱን የሚሸከሙት ግዛቶችና ዲስትሪክቶች ስለሆኑ ነው ቢሮዎቹ ወጪ ላይ ጠበቅ የሚሉት። ልጃችሁ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለው ዲስትሪክቱ ለአንዳንዱ አገልግሎት ሜዲኬይድን ማስከፈል ይችላል፤ አስቀድሞ ግን የጽሑፍ ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለበት። ፈቃድ ብትሰጡ ከኪሳችሁ አይወጣም፤ ብትከለክሉም አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ጥያቄ፦ ለልጄ የልዩ ፍላጎት ምዘና ተጀምሮልን በመሐል ወደ ሌላ ካውንቲ ተዛወርን። አዲሱ ትምህርት ቤት «እንግሊዝኛ ይልመድና ከዚያ እናያለን» ይላል። ልጄ በአማርኛም ቢሆን አረፍተ ነገር አይገጣጥምም።
— እናት፣ ከሲያትል አካባቢ

መልስ፦ በአማርኛም አይገጣጥምም ያልሽው ቁልፉ ነው፤ በጽሑፍ አስገቢው። ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ አካል ጉዳተኛ ሊባል አይችልም፤ ሕጉ ይህን ይከለክላል። ችግሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ከታየ ግን መጠበቅ ምክንያት የለውም። ምዘናው የልጁን ችሎታ በትክክል በሚያሳይ ቋንቋ መደረግ አለበት፤ ለአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ለአይኢፒ ስብሰባውም እንዲሁ። አስተርጓሚው በዲስትሪክቱ ወጪ ነው። ታላቅ ልጅሽን ወይም ጎረቤት ይዘሽ አትሂጂ፤ ምዘናን በሚመለከት የሚነገሩ ቃላት የልጅ ትርጉም አይችላቸውም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ወላጅ በፈቃድ ቅጹ ከፈረመ በኋላ ምዘናው በ60 ቀን ውስጥ፣ ወይም ግዛቱ የራሱ ገደብ ካለው በዚያ ገደብ ውስጥ ማለቅ አለበት። በመሐል መዛወር ሰዓቱን ወደ ዜሮ አይመልሰውም። አዲሱ ዲስትሪክት ሊያራዝም የሚችለው ሥራውን በበቂ ፍጥነት እያስኬደ ከሆነና አንቺም በተወሰነ ቀን ላይ ከተስማማሽ ብቻ ነው። ቀኑን በጽሑፍ ያዢ። የፈረምሽበትን ቅጽ ቅጂ ከቀድሞው ትምህርት ቤት አምጪ፤ 60ው ቀን የሚቆጠረው ያ ቅጽ ከደረሳቸው ቀን ነው። ቤት አልባ ልጆችን ፈልጎ መለየት በአይዲያ ሕግ የዲስትሪክቱ ግዴታ መሆኑንም አስታውሺያቸው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት የወንድሜ ልጅ ከእኔ ጋር ነው፤ ወላጆቹ አገር ቤት ናቸው፣ የፍርድ ቤት አሳዳጊነት ወረቀት የለኝም። ለልዩ ፍላጎት ምዘና ማን ይፈርማል?
— አጎት፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ልጁ አብሮዎት የሚኖርና እንደ ወላጅ ሆነው የሚያሳድጉት ከሆነ፣ አይዲያ አያት፣ አጎትና ሌላ ዘመድን እንደ ወላጅ ይቆጥራል። ስለዚህ እርስዎ መፈረም ይችላሉ። የአሳዳጊነት ወረቀት አለመኖርም ምዝገባውን ማዘግየት የለበትም። ልጁ ብቻውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ ዲስትሪክቱ በ30 ቀን ውስጥ ተተኪ ወላጅ ለመሾም መጣር አለበት። እስከዚያ የሼልተር ወይም የወጣቶች ፕሮግራም ሠራተኛ ለጊዜው ተተኪ ሆኖ መፈረም ይችላል። መጓጓዣውን በተመለከተ ብቻውን ያለ ወጣት ወላጅ እስኪጠይቅለት አይጠብቅም፤ ሊዬዞኑ ይጠይቅለታል።

ጥያቄ፦ በጥር አፓርታማ አገኘን። አውቶቡሱ ወዲያው ይቋረጣል? ነጻ ምሳውስ? የ4 ዓመቷ ልጄስ?
— እናት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ አይቋረጥም። ነባሩ ትምህርት ቤትም መጓጓዣውም እስከዚያ የትምህርት ዓመት መጨረሻ ይቀጥላሉ። ይህ በ2015ቱ የማኪኒ ቬንቶ ማሻሻያ በግልጽ ገብቷል። ቤት አልባ ተማሪ ገቢ ሳይጠየቅ፣ ማመልከቻ ሳይሞላ፣ በሊዬዞኑ ዝርዝር ብቻ ነጻ ምሳ ያገኛል። ይህም እስከ ትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ይዘልቃል። የሕዝብ ቅድመ መደበኛ ትምህርትም እንደ ነባር ትምህርት ቤት ስለሚቆጠር የ4 ዓመቷም መብት አላት። ዲሲ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሰው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ኦሲ የሚባለው የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት መሆኑን አስታውሺ፤ የአድራሻ ለውጡ እዚያ መድረሱን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ዲስትሪክቱ እምቢ ቢልስ?
— በርካታ አንባቢያን

መልስ፦ ሁለት በሮች አሉ፤ አትቀላቅሏቸው። ቤት አልባነትን፣ የትምህርት ቤት ምርጫን ወይም ምዝገባን በሚመለከት ውሳኔው በጽሑፍ፣ በምትረዱት ቋንቋ፣ ከነይግባኝ መንገዱ ይሰጣችሁ ዘንድ ጠይቁ። ይግባኝ ስትሉ ልጁ እናንተ በጠየቃችሁት ትምህርት ቤት ወዲያው ይመዘገባል፤ የመጨረሻው ይግባኝ እስኪያበቃ ድረስም እየተጓጓዘ ይማራል። ይህ የሕጉ ጠንካራው ክንድ ነው። «ይግባኙ እስኪታይ ቤት ይቆይ» የሚላችሁ ሰው ተሳስቷል።

የአይኢፒ ጉዳይ ከሆነ፣ ተጽፎ ሳይሰጥ የቀረ አገልግሎት ላይ ለግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። ጥሰቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ያላለፈው መሆን አለበት፤ ውሳኔውም በ60 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ጠበቃ አያስፈልግም። ልጁ አውቶቡስ ያጣባቸውን ቀኖች፣ የደወላችሁላቸውን ሰዎችና የተሰጣችሁን መልስ በቀን በቀን ዘርዝራችሁ አያይዙ፤ የባከነው የትምህርት ጊዜ እንዲካካስም በዚያው ደብዳቤ ላይ ጠይቁ።